የቤት ዋጋ ማደግ የማን ዕድገት ነው?



በየስብሰባው አዳራሽ ከገዥው ፓርቲ ካድሬዎች ዘወትር የምንሰማው አንድ ክርክር አለ። ስለ ከተሞቻችን ዕድገት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው ማስረጃ የፎቁ ብዛት፣ የመንገዱ ስፋትና የመሬቱ ዋጋ ነው። «ትናንት ዞር ብሎ የሚያየው ያልነበረ ቦታ ዛሬ በሚሊዮን ይጠየቃል፤ ይህ ዕድገት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ይሉናል። ፎቁ መኖሩን አንክድም፤ መንገዱም ተሠርቷል። ይሁን እንጂ የቤት ዋጋ መናር በራሱ የዕድገት ምልክት ነው የሚለውን አባባል ፓርቲያችን አይቀበለውም። ዋጋው ለምን እንደጨመረ፣ በየትኛው ከተማ እንደጨመረና ጭማሪው በማን ኪስ እንደገባ ሳይጠየቅ የተደረሰበት ድምዳሜ ነውና።

ይህን ጽሑፍ በምርጫ ማኒፌስቷችን ውስጥ ያካተትነው የቤት ጉዳይ ለከተማ ሰው ከኑሮ ጉዳዮች ሁሉ የቀደመ ሆኖ ስላገኘነው ነው። በየወረዳው ባደረግናቸው የውይይት መድረኮች ስለ ዲሞክራሲ ልንወያይ ተቀምጠን ስለ ኪራይ ስንነጋገር አምሽተናል። ደመወዝተኛው ከደመወዙ ግማሹን፣ አንዳንዱም ከግማሽ በላይ፣ ወሩ ሳይጠባ ለአከራይ ያስረክባል። የተጫጩ ወጣቶች ቤት በማጣት ሠርጋቸውን ከዓመት ዓመት ያሸጋግራሉ። ጡረታ የወጣው አባት ትልቅ ልጁን ከነሚስቱ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል አስጠግቶ ይኖራል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቤት ዋጋ ማደጉን በደስታ የሚነግሩን ሰዎች ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ መጠየቅ መብታችን ነው።

ቁናው ሲያንስ እህሉ የበዛ ይመስላል

ስለ ዋጋ መነጋገር የሚቻለው ዋጋው ሲታወቅ ነው። በብዙ አገሮች የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ወይም ማዕከላዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ በየክልሉና በየከተማው እየለየ ያትማል፤ ገዥም ሻጭም አበዳሪም ያንን ይዞ ይነጋገራል። በእኛ አገር በየወሩ የሚወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ የጤፉንና የዘይቱን፣ የቤት ኪራዩንም ጭምር ይነግረናል። ነገር ግን በአዳማ ወይም በባሕር ዳር የአንድ ቤት መሸጫ አምና ስንት እንደነበረ፣ ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ማንኛውም ዜጋ አንስቶ ሊያነበው የሚችል ተከታታይ መለኪያ ታትሞ አላየንም። የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንኳ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በመላ አገሪቱ በከተማ የሚኖረው ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚነገረን ሁሉ ግምት ነው። ስንት ቤት እንዳለው በትክክል የማያውቅ መንግሥት ስንት ቤት እንደሚጎድለው አውቄ አቅጃለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

መረጃ በሌለበት ገበያ መረጃ የሚሸጥ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ እሱም ደላላው ነው። ደላላን የችግሩ ሁሉ ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ለባለሥልጣናት ቀላል ሆኖላቸዋል። እኛ ግን ደላላው ክፍተቱን አገኘው እንጂ ፈጠረው አንልም። ሻጭና ገዥ ውልና ማስረጃ ሲቀርቡ ታክሱን ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሰው ያስመዘግባሉ። መንግሥትም ይህን ስለሚያውቅ የነሱን ትቶ የራሱን ግምት ያወጣል። እናም አንድ ቤት ደላላው የሚጠራው፣ ውሉ ላይ የተጻፈው፣ ማዘጋጃ ቤቱ የገመተውና በእጅ የተቆጠረው አራት ዋጋ ይኖረዋል። ከአራቱ እውነተኛውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይናገሩም።

ዋጋው ቢታወቅ እንኳ ሌላ ጥያቄ አለ። የምንለካው በብር ነው፤ ብሩ ራሱ ግን ዓመት በዓመት እየቀለለ ሄዷል። አንድ መምህር ከዓመታት በፊት በ1 ሚሊዮን ብር የገዛውን ቤት ዛሬ በ3 ሚሊዮን ሸጠ እንበል። ሦስት እጥፍ አተረፈ ይባላል። በዚያው ዘመን የጤፉ፣ የበርበሬው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን መምህሩ ያተረፈው ነገር የለም። በእጁ ያለው ገንዘብ የሚገዛለት ያንኑ የሸጠውን ቤት ነው። ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኖ ደመወዙ ሁለት እጥፍ እንኳ ካልሆነ ደግሞ ቤት የሌለው ባልደረባው ከቤት የባሰ ርቋል ማለት ነው።

ስለዚህ መራጮች ራሳቸው ሊያሰሉት የሚችሉትን አንድ መለኪያ እናቀርባለን። በሠፈራችሁ የሚሸጥ አንድ መጠነኛ ቤት ዋጋውን ጠይቁ፤ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ አካፍሉት። ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር፣ ደመወዙ 10 ሺህ ብር ቢሆን 500 ወር ይመጣል። ይህ ማለት ሰውየው ሳይበላ፣ ሳይጠጣና ታክሲ ሳይሳፈር ከ41 ዓመት በላይ ሠርቶ ነው ቤቱን የሚገዛው። በሠራተኛነት የሚቆይበት ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ከቀነሰ ከተማችሁ በርግጥ አድጓል፤ ከጨመረ ግን የሚያድገው ሌላ ነገር ነው።

ብሩ ለምን ቀለለ የሚለውን ኢኮኖሚስቶቻችን በሌላ ምዕራፍ አብራርተውታል፤ እዚህ ከቤት ጋር የሚገናኘውን ብቻ እናነሳለን። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ 100 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲሞላ 107 ብር ያገኛል፤ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ሆኗል። በ107 ብሩ የሚገዛው ዕቃ አምና በ82 ብር ይገዛው የነበረውን ያህል ነው። ቆጣቢው በቁጠባው ተቀጣ። ይህን የተረዳ ባለገንዘብ ሁሉ ገንዘቡን ከባንክ እያወጣ ወደ መሬትና ወደ ቤት ሮጠ። ሊኖርበት ሳይሆን ገንዘቡን ሊያስጠልልበት ገዛው። በአዲስ አበባ በየሠፈሩ ማታ መብራት የማይበራባቸው የተጠናቀቁ ፎቆች የምናየው ለዚህ ነው። ቤት የገንዘብ ማስቀመጫ በሆነበት አገር ማደሪያ የሚፈልገው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር ይጫረታል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱ፣ መስታወቱ፣ ሴራሚኩ፣ አሳንሰሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ሠርተው የሚልኩ ወገኖቻችን የላኩት ዶላር በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። እነዚህን ወገኖች የምንወቅስበት ምንም ምክንያት የለም። ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከጅማም ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች ለእናቷ ቤት የምታሠራ ልጅ መመስገን ያለባት ናት። ችግሩ የሷ ዶላር የሚገዛው መሬት እንዳይጨምር ተደርጎ መታሰሩ ነው። ገንዘቡ ሲበዛ መሬቱ ባለበት ከቆመ ልዩነቱ የሚወጣው በዋጋ ነው።

ከተማ ከከተማ ይለያል

በገዥው ፓርቲ ዕቅዶች ውስጥ «የከተማ ቤት ልማት» በአንድ ስም የሚጠራ አንድ ነገር ነው። በተግባር ግን የአዳማ ገበያ የሐዋሳ አይደለም፤ የመቀሌም የጅማ አይደለም።

አዳማን እንውሰድ። የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ በ1992 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተደረገ። የአንድ ክልል መሥሪያ ቤቶች ከነሠራተኞቻቸው ወደ አንድ ከተማ ሲገቡ ቤት ፈላጊ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ሲወጡም እንዲሁ ባዶ ቤት ይቀራል። ተበድሮ ሰርቪስ የሠራ የአዳማ አከራይ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ውሳኔው ፖለቲካዊ ነበር፤ ሒሳቡን የከፈለው ነዋሪው ነው። በኋላ ደግሞ ፈጣኑ መንገድ ተሠራና አዳማና ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ሰው ቀረቡ። መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን መንገድ ዕቃን ብቻ ሳይሆን ዋጋንም ያጓጉዛል። በአዲስ አበባ ዋጋ የተሸነፈ ገዥ አዳማ ሄዶ የአዳማውን ደመወዝተኛ ያሸንፋል።

የሐዋሳው ታሪክ ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለአሥር ሺዎች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተነገረ፤ በርግጥም ብዙ ሺህ ሠራተኞች ገቡ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መነሻ ደመወዛቸው በወር ከ1 ሺህ ብር በታች ነበር። ፋብሪካው ሲታቀድ መኪናው፣ መጋዘኑና የፍሳሽ ማጣሪያው በዝርዝር ታሰበበት፤ ሠራተኛዋ ማታ የት ታድራለች የሚለው ግን ለአከራይና ለዕድል ተተወ። ውጤቱ አራትም አምስትም ሆነው በአንዲት ክፍል መተኛት፣ በየጥቂት ወሩ የሚጨምር ኪራይ፣ በመጨረሻም ሥራውን ጥሎ ወደ ቤተሰብ መመለስ ሆነ። የፓርኩ አስተዳዳሪዎች ሠራተኛው አይረጋም ብለው ሲያማርሩ እንሰማለን። ማደሪያ የሌለው ሰው እንዴት ይረጋል? በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ ደግሞ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ ለሠራተኛ ብለው ተበድረው ክፍል የደረደሩ አከራዮች ተራቸውን ተጎዱ። የቤት ፖሊሲና የሥራ ፖሊሲ በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ የሚሆነው ይህ ነው።

በባሕር ዳርና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ቤት ፈላጊው ለረጅም ጊዜ ተስፋ ያደረገው በቤት ሥራ ማኅበራት ነው። ተደራጅቶ፣ ቆጥቦ፣ ቦታ ተመርቶ መሥራት ከኮንዶሚኒየም ይልቅ ለነዋሪው አቅም የቀረበ መንገድ መሆኑን እናምናለን። ይሁንና ማኅበሩ ቦታ የሚያገኝበት ጊዜ ስለማይታወቅ ሰዎች በወረፋ ዓመታት ይቆያሉ፤ በመካከሉም የቦታው ተስፋ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የመጨረሻው ገዥ መሬት የገዛ ይመስለዋል፤ የገዛው ግን ወረቀት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ፋብሪካዎች እየተተከሉባት ባሉበት ጊዜ ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖች ተጠልለውባታል። ሁለቱም ወገን ክፍል ይፈልጋል። መቀሌ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ውስጥ ባንኮቿ ተዘግተው ሰው የራሱን ገንዘብ ማውጣት ተስኖት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ቤት ዋጋ «አዝማሚያ» መናገር ብቻውን ስድብ ይሆናል፤ ከሁሉ በፊት ሰላም፣ ቀጥሎም የተፈናቀለው ወደ ቤቱ መመለስ ይቀድማል።

የማዕከላዊው ዕቅድ ለሁሉም ከተማ አንድ መድኃኒት ማዘዙ ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ውጭ ከ50 በላይ ወደሚሆኑ ከተሞች ተስፋፍቶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በክልል ከተሞች ቆመ። ምክንያቱ ቤት ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም። በአነስተኛ ከተማ የሚኖር ሰው 200 ካሬ ሜትር ቦታ ቢያገኝ ጭቃም ይሁን ብሎኬት እንደ አቅሙ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ይሠራል። በሬውን አስሮ፣ ምጣዱን ተክሎ፣ ዶሮውን አርብቶ መኖር ለለመደ ቤተሰብ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ በባንክ ዕዳ ግዛ ማለት ኑሮውን አለማወቅ ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ነዋሪውን መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሻጩ አንድ ብቻ የሆነበት ገበያ

ከሁሉም ከተሞች በስተጀርባ ግን አንድ የጋራ ምክንያት አለ፤ እሱም የመሬት ፖሊሲው ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩ በዚያው ተቸንክሮ ቀረ። ተከራዩ በጊዜው ተጠቅሟል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የሚያድስ ባለቤት ያጣ ቤት እያረጀ፣ ጣራው እየቀደደ፣ የጋራ መጸዳጃው እየሞላ ነው ለዛሬ የደረሰው። ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ ደርግን በሁሉም ነገር ሲያወግዝ በመሬት ጉዳይ ግን ወራሹ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ፤ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. የወጡት የሊዝ አዋጆች ደግሞ መንግሥትን የከተማ መሬት ብቸኛ አቅራቢ አደረጉት።

አንድ ነጋዴ ብቻ ስኳር የሚሸጥበትን ገበያ አስቡት። ነጋዴው ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ ቢያወጣው ዋጋው ይወደድለታል። ከተማ አስተዳደሮች ከሊዝ የሚያገኙት ገቢ ለመንገዳቸውና ለሕንጻቸው ማሠሪያ ስለሆነ መሬት እንዲረክስ የሚያደርግ ምክንያት የላቸውም። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ355 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ተሰማ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ በየሠፈሩ ያለ ባለይዞታ ሁሉ ዋጋውን ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላም ጨረታው ለዓመታት ተቋርጦ እስከ 2015 ዓ.ም. ቆየ። ቤት ፈላጊ ግን በነዚያ ዓመታት መወለዱንም ማግባቱንም አላቋረጠም።

በከተማ ዳር ያለው አርሶ አደር የዚህ ፖሊሲ ሌላው ተጎጂ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ ሲወሰድ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት የላቀው ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ተሻሻለ። መሻሻሉ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስሌቱ አሁንም የገብሱን ዋጋ እንጂ የመሬቱን ዋጋ አያውቅም። አርሶ አደሩ ማሳው በነጋታው በስንት እንደተሸጠ በጆሮው እየሰማ በካሣው ተማርሮ፣ መንግሥት ሳይቀድመው ራሱ ለከተማ ሰው በስውር መሸጥ ጀመረ። ገዥው ሌሊት ቆርቆሮ መትቶ ያድራል፤ ጨረቃ ቤት ይሉታል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ሸገር ከተማ ሲመሠረት የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ነበሩ። ሕግ መከበር እንዳለበት እናምናለን። ነገር ግን ሕጋዊውን በር ዘግቶ በመስኮት የገባውን ሰው ከነልጆቹ በክረምት ሜዳ ላይ ማውጣት ሕግ ማስከበር አይባልም።

በመሃል ከተማም እንዲሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳና ሌሎች ነባር ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ ሥራውም ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት፣ ስለ መብራቱና ስለ አበባው ብዙ ተነግሯል። ያልተነገረው የፈረሱት በከተማው ውስጥ ኪራያቸው ከሁሉ ዝቅተኛ የነበሩ ክፍሎች መሆናቸው ነው። በመዝገብ የሚታወቅ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ሊያገኝ ይችላል። በጓሮዋ በተቀጠለች ክፍል ይኖር የነበረው ሊስትሮ፣ ጉሊት ቸርቻሪና ተማሪ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወቅት ወደ ዳር ሠፈሮች ሲገፉ በዚያ ያለው ኪራይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

የጸጥታ ኃይል ሹምም ሆነ ነርስ ቤት በአንድ ጊዜ ከፍሎ አይገዛም፤ በየትም አገር በረጅም ጊዜ ብድር ነው የሚገዛው። አገራችን በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነበራት። ስሙ ተለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ውስጥ እንዲዋሃድ ተደረገና ለቤት ብቻ የቆመ የመንግሥት ባንክ ጠፋ። የግል ባንኮችም ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ካበደሩት ላይ 27 በመቶ የሚሆነውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ስለነበር ለ20 ዓመት የሚቆይ የቤት ብድር የሚሰጡበት ፍላጎትም አቅምም አልነበራቸውም። ክፍተቱን የሞሉት ሪል ስቴት አልሚዎች ናቸው፤ እነሱም የሚሠሩት በገዥው ቅድመ ክፍያ ነው። በሌላ አነጋገር ቤት ገዥው ለአልሚው ያለ ወለድና ያለ መያዣ አበዳሪ ሆኗል። ቤቱ ካልተሠራ ክስ ይመሠርታል፤ ችሎት ሲመላለስ ብሩ ይቀልላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የኮንዶሚኒየም ቆጣቢው ነው። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር እየቆጠበ በአምስት ዓመት 20 በመቶውን እንዲያሟላ ተነግሮት ቃሉን ጠበቀ። ብዙዎቹ ግን ዛሬም ተከራይ ናቸው። ቤቱ ሲዘገይ ዋጋው ተከለሰ፤ ቆጣቢው ያሟላው ቁጠባ እንደገና ጎደሎ ሆነ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች የወጣው ዕጣ መረጃው ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘና በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ለጥቂት ቀናት እልል ብለው እንደገና ተከራይ ሆኑ። አንድ የግል ድርጅት ይህን ቢያደርግ ኖሮ ምን ይባል እንደነበረ ለአንባቢ እንተዋለን።

መንግሥት ለኪራይ ንረት የሰጠው መልስ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ በተወሰነው መጠን ብቻ ይሁን ይላል። አከራይ በአንድ ቃል ተከራይን ከነዕቃው የሚያስወጣበትን ልማድ መግታቱን እንደግፋለን። ይሁንና አዋጁ ዛሬ ቤት ውስጥ ያለውን ተከራይ እንጂ ነገ ቤት ፍለጋ የሚወጣውን አይጠብቅም። እንደፈለገ መጨመር እንደማይችል ያወቀ አከራይ ጭማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ይጠራል። ወረቀት ክፍል አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ የሚፈቅድ አዋጅ ወጣ። የውጭ ገንዘብ መምጣቱን አንጠላም። ግን አዲስ ቤት እንዲሠራበት ሳይገደድ የተሠራውን እንዲገዛበት ከተፈቀደ ለዜጋው የሚተርፈው ተጨማሪ ተጫራች ብቻ ነው።

ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

የከተማ ነዋሪ በያዘው ቦታ ላይ የመሸጥ፣ የመለወጥና የማስያዝ ሙሉ የባለቤትነት መብት ሊኖረው ይገባል ብለን እናምናለን። ይህ ግን የአንቀጽ 40ን መሻሻል ይጠይቃል። በአንቀጽ 105 መሠረት ደግሞ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። በአንድ ምርጫ ማግሥት እናደርገዋለን ብለን ለመራጩ ብንናገር እናታልላለን። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ሳይነካ ሊደረግ የሚችለውን እናስቀድማለን።

የመጀመሪያው እያንዳንዱ ከተማ መንገድ፣ ውሃና መብራት የገባለት ቦታ በየዓመቱ ስንት እንደሚያቀርብ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ያቀረበውንም ለከተማው ምክር ቤት በይፋ እንዲያስመረምር በሕግ ማስገደድ ነው። አብዛኛው ቦታ ለሕንጻ ሳይሆን ለአነስተኛ መኖሪያና ለማኅበራት እንዲሆን እንፈልጋለን፤ በደሴ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሠራም የሚወስነው የደሴ ሰው ይሁን። የቀበሌ ቤቶች ሳይፈርሱ ለሚኖሩባቸው ሰዎች በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጡ፤ ባለቤቱ ራሱ ያድሳል። አርሶ አደሩ ከመሬቱ ሲነሳ ከካሣው በተጨማሪ ከሚለማው ቦታ በስሙ ድርሻ ይኑረው። የቤት ገዥ ቅድመ ክፍያ በዝግ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ አልሚው ሊነካው የሚችለው ግንባታው በደረሰበት ልክ ብቻ ይሁን።

«ዋጋ ከወረደ ቤት ያለን ሰዎች አንጎዳም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየመድረኩ ይቀርብልናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓላማችን ዋጋውን መጣል አይደለም። ዋጋው ቆሞ ደመወዙ እንዲደርስበት ማድረግ ነው፤ ይህም ዓመታት ይወስዳል። ደግሞም የዋጋ ንረት ለባለቤቱ ሁልጊዜ ሲሳይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሠረት ታክሱ የሚሰላው በቤቱ ግምት ላይ ነው። ባለቤቷ የሞተባት፣ በጡረታ አበል የምትኖር እናት ከአርባ ዓመት በፊት የሠራችው ቤት ዛሬ ሚሊዮኖች ያወጣል ተብሎ ቢገመት፣ ግምቱ እንጀራ አይሆናትም፤ ታክሱን ግን ትከፍላለች። ስለሆነም አንድ ባለቤት የሚኖርበትና መጠኑ የተወሰነ ቤት ከታክሱ ነጻ እንዲሆን፣ ሸክሙም ባዶ በተቀመጡ ቤቶችና ታጥረው በቆዩ ቦታዎች ላይ እንዲያርፍ ማሻሻያ እናቀርባለን።

ለኮንዶሚኒየም ቆጣቢዎች የምናቀርበው ሕግ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ለመጠበቅ የፈቀደ ቆጣቢ ቤቱን የሚረከብበት ዓመትና የማይለወጥ ዋጋ በጽሑፍ ውል ይሰጠዋል፤ መንግሥት ቢያዘገይ ለዘገየበት እያንዳንዱ ወር የቆጣቢውን ኪራይ ይከፍላል። መውጣት የፈለገ ደግሞ ገንዘቡ የዋጋ ግሽበቱ ታስቦለት ይመለስለታል። የሁለቱም ስም ዝርዝርና የወረፋ ቁጥር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ሰው የማን ስም ከየት ዘሎ እንደመጣ ቆሞ ማንበብ ይችላል።